መኪናው ራሱ ፓርክ ሲያደርግ እናንተ የምትሠሯቸው ስህተቶች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቶ፣ መሪውን ራሱ አዙሮ ፓርክ የሚያደርግ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የእኔ ሥራ ለገዢ መኪና ማስረከብና አጠቃቀሙን ማሳየት ነው። ሁሉም ስለ ቻርጅ ይጠይቀኛል። ስለ ፓርኪንጉ የሚጠይቅ የለም። ቁልፉን ተቀብሎ አንዴ ይሞክረዋል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ አለቀ። ከዚያ ፓራውልቱን አስጭሮ ይመጣና «ሴንሰሩ አይሠራም» ይለኛል። ሴንሰሩ ይሠራል።

በጣም ከሚያናድደኝ ልጀምር፦ መኪናው የሥራውን ስንት እጅ እንደሚሠራ ሳያውቁ ፍሬን መልቀቅ።

ሰው ሁሉ «አውቶ ፓርክ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። አንዱ መሪውን ብቻ ያዞራል፤ ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ ነዳጁ የእናንተ ነው። ቶዮታ በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ ፕሪየስ ላይ ካወጣው ጊዜ ጀምሮ ለዓመታት የነበረው ዓይነት ይሄ ነው። ሌላው መሪውንም፣ ማርሹንም፣ ፍሬኑንም ራሱ ይሠራል። አንድ ደንበኛዬ የራሱ መኪና ሁሉንም የሚሠራው ዓይነት ነበር። አንድ ቀን የወንድሙን የቆየ የቤንዚን መኪና ተውሶ ወጣ። ቁልፉን ተጫነ፣ ኋላ ማርሽ አስገባ፣ መሪው መዞር ጀመረ። መሪው ሲዞር ሲያይ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። አውቶማቲክ ማርሽ ደግሞ ፍሬን ሲለቁት ራሱ መሄድ ይጀምራል። መኪናው በትክክለኛው ማዕዘን፣ በጣም አሪፍ አድርጎ ታጥፎ፣ ከኋላ የቆመውን መኪና መብራት አረገፈው። ጢጢታው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ይጮህ ነበር። «ሊቆም ነው መስሎኝ» አለኝ። ለምን ይቆማል? ማን ይቆማል አለህ?

ሁሉንም የሚሠራው ዓይነት ቢሆንም እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን። መርገጥ አይደለም፣ ከላዩ ማሳረፍ ነው። አምራቾቹ ሁሉ መመሪያቸው ላይ ኃላፊነቱ የሾፌሩ ነው ብለው ይጽፋሉ። የትራፊክ ፖሊስም ሲመጣ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀው ስክሪኑን አይደለም።

ስክሪን ካነሳን፣ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ጽሑፋቸው ቻይንኛ ነው። ፓርክ ሲያደርግ መሀል ላይ «አቋርጫለሁ፣ መሪውን ያዝ» የሚል መልእክት ቢመጣ ማን ያነበዋል? ሰውየው መኪናው እየሠራ ይመስለዋል፤ መኪናው ግን ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ሁለት የቆሙ መኪኖች ፈልጉና ተለማመዱ። የሚወጣውን መልእክት ሁሉ በስልክ አንሱት፣ አስተርጉሙት። የትኛው ድምፅ «ጨረስኩ»፣ የትኛው «ተውኩት» እንደሆነ ጆሯችሁ ይልመደው።

ቀጥሎ ቱቦ። ሴንሰሮቹ፣ ማለትም ፓራውልቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ክብ ነገሮች፣ ብዙውን ጊዜ 12 ናቸው፣ የሚሠሩት እንደ ሌሊት ወፍ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ አንድ ነገር ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይዘው ርቀቱን ያሰላሉ። ስለዚህ የሚያውቁት ድምፅ የሚመልስ ነገር ብቻ ነው። ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ ምን ይመልሳል? ለመኪናው እዚያ ምንም የለም። ምንም የለም ማለት ደግሞ ለእሱ ግባ ማለት ነው። የኋላ ቀኝ ጎማው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ጎረምሶች ተጠርተው በትከሻ ያወጡት መኪና አይቻለሁ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ጠርዙ ላይ ከተቀመጠ የሚፋቀው ውዱ ዕቃ ነው።

ክፍተቱን አልፋችሁ ስትሄዱ መኪናው ርዝመቱን ይለካል፣ እናንተ መሬቱን እዩ። ቱቦው ተከድኗል? የጠርዙ ድንጋይ ከፍታ ስንት ነው? ስለታም ብረት የለውም? ዝቅተኛ ጠርዝ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ቸርኬ የሚበላው እሱ ነው። የቀኝ ስፖኪዮ ኋላ ማርሽ ሲገባ ወደ መሬት የሚያጎነብስ ከሆነ አስተካክሉት።

ከዚያው ሳልወጣ፦ ወፍራም ጨርቅ ድምፁን ከመመለስ ይልቅ ይውጠዋል። ጠርዙ ላይ ጋቢ ተከናንበው ቆሎ የሚሸጡ እናት ለመኪናው ከግድግዳ እኩል አይታዩትም። ቀጭን ምሰሶና የተዘረጋ ሰንሰለትም እንዲሁ ናቸው። ፓራውልቱ ሥር ገብቶ የተጎነበሰ ሕፃን ደግሞ ጨርሶ ላይታየው ይችላል። ካሜራ አለኝ አትበሉኝ፤ የአቧራ ቀን ሌንሱን በጣታችሁ ጥረጉትና ጣታችሁን እዩት።

የጭነት መኪና ጀርባ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሴንሰሩ የተተከለው ከመሬት ግማሽ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ከፊታችሁ የቆመው አይሱዙ ካሳው ከዚያ በላይ ነው። ድምፁ በካሳው ሥር አልፎ የኋላ ጎማውን ይነካና ይመለሳል። መኪናው «ገና ሰፊ ቦታ አለ» ይላል፤ ኮፈናችሁ ግን ካሳው ጋ ደርሷል። ፌሮ ጭኖ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ከሆነማ ቁልፉን አትንኩት፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ፌሮው የሚጠብቃችሁ በመስታወቱ ቁመት ነው።

አሁን ወደ ፓርኪንግ ልጆቹ። እወዳቸዋለሁ፣ ብዙ መኪና አትርፈዋል። ግን መኪናው ራሱ እየገባ ሳለ አንዱ መጥቶ ጣሪያውን መታ መታ ያደርግና «ስበር! ስበር! መልስ! ና፣ ና፣ ና!» ይላል። ሾፌሩ ልማድ ነውና መሪውን ይይዛል። መሪውን የያዘ ጊዜ ሥርዓቱ ይቋረጣል። አሁን መኪናው ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ክፍተቱ ውስጥ ነው፤ ልጁ «ስበር» ይላል፣ ሾፌሩ «ራሱ ነው የሚሰብረው» ይላል፣ ከኋላ ሚኒባሱ ክላክስ ላይ ተኝቷል። መፍትሔው ቀላል ነው። መስኮቱን አውርዱና አስቀድማችሁ «መኪናው ራሱ ነው የሚገባው፣ አንተ ከኋላ ሰው ጠብቅልኝ» በሉት። በደስታ ይጠብቃል። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉት። መሪው በፍጥነት ስለሚዞር አውራ ጣት ዘንጉ መሀል ከገባ ያማል፤ ነጠላና ሻርፕም ይጠመጥማል።

በክላክስ ተደናግጦ ነዳጅ መስጠትም ያው ነው። ብዙዎቹ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ካለፋችሁ ይተዉታል። ሚኒባሱ ይጩህ። መጮህ ልማዱ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው የመኪናው አፍንጫ ነው። ጅራቱ ወደ ውስጥ ሲገባ አፍንጫው ወደ መንገዱ ይወጣል። ሁሉም ዓይኑ ኋላ ካሜራው ላይ ነው፤ በግራ በኩል የሚመጣውን ሞተር ሳይክል የሚያይ የለም። ሴንሰሩ የቆመን ነገር ለመለካት እንጂ በፍጥነት የሚመጣ ባጃጅ ለመጠበቅ አልተሠራም። ጅራቱ መታጠፍ ሲጀምር የግራ ስፖኪዮ፣ ከዚያ ትከሻችሁን አዙራችሁ ማየት፣ ከዚያ ፍሬን። መንገዱ እስኪያልፍላችሁ ቁሙ፤ ፍሬን ስትረግጡ አብዛኞቹ መኪኖች ይጠብቋችኋል እንጂ አይተዉትም።

ጥቃቅኖቹን ላሳልፍ። ፍሬቻ ሳታበሩ ክፍተት አትፈልጉ፤ ብዙ መኪኖች የሚፈልጉበትን ጎን የሚያውቁት በፍሬቻው ነው፣ ኋላችሁ ያለውም እንዲሁ። ላቫጆ ላይ የውኃውን ግፊት ሴንሰሩ ላይ አስጠግቶ የሚረጨውን ልጅ አስቁሙት። ክረምት ላይ ጭቃውን ጥረጉ። የተጫረ ፓራውልት ጋራዥ ስታስገቡ ሴንሰሩ ላይ ስቱኮና ቀለም እንዳይደርቡበት ቆማችሁ ጠብቁ። ከመጣበት የተለየ መጠን ያለው ጎማ ከገጠማችሁ ርቀት የሚቆጥረው በጎማው ዙር ስለሆነ ስሌቱ ይዛባል።

ክፍተት ማግኘት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። መኪናው ከራሱ ርዝመት 80 ሴንቲሜትር ወይም አንድ ሜትር የሚተርፍ ቦታ ካገኘ ደስ ይለዋል። የሰው ግቢ በር ይሁን፣ የታክሲ ተራ ይሁን፣ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ይሁን እሱ ምን ያውቃል። አንዳንዱ «መኪናው ነው የመረጠው» ብሎ ለትራፊክ ፖሊስ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ፖሊሱ ሳቀ፣ ከዚያ ጻፈ።

ከውጭ ሆኖ በቁልፍ ወይም በስልክ ማስገባትን በተመለከተ፣ ልጆች ባሉበት ሠፈር ለትርኢት አታድርጉት። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መሪን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 79 ራሱ ሾፌሩ ከመኪናው ከ6 ሜትር በላይ ርቆ እንዲያሠራው አይፈቅድም። እናንተ ደግሞ ሁለቱም ጎን በሚታያችሁ ቦታ ቁሙ፣ ፎቅ ላይ ሆናችሁ አይደለም።

መኪናው ገብቶ ሲጨርስ «ጨረስኩ» ማለቱ መሪውን መለሰላችሁ ማለት ነው። ማርሹ ፒ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ የእጅ ፍሬኑን አረጋግጡ። ከተማችን ዳገት ነው። ፊታችሁ ወደ ቁልቁለት ከሆነ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሩት፤ ወደ ዳገት ከሆነና ጠርዝ ካለ ወደ መንገዱ አዙሩትና ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ጠርዙን ይደገፍ። አውቶማቲኩ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ስለሚተወው ይሄ የእናንተ ሥራ ነው። ድንጋይ የምታስደግፉም አላችሁ፣ ምንም አይደለም። ስትወጡ ግን አንስታችሁ ጠርዙ ላይ አድርጉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ሴንሰር አያየውም።