አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር፦ ማስተካከልና ሳያበላሹ መቀየር

አሮጌ ጊታር እጅ ሲገባ ካቻቢቴ ያስነሳል። ቮሊዩሙ ይንጫረራል፣ ክሩ ከፍ ብሏል፣ ቅኝቱ አይጸናም። እኔ ግን መጀመሪያ የማነሳው ፎቶ ነው። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ መቃኛዎቹን፣ አንገቱና አካሉ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ሁሉንም። ከዚያ አዲስ ክር አስሬ እጫወትበታለሁ። "ፒካፑ ሞቷል" ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው የሞተው ክሩ ነው። (ፒካፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል ነው።)

አንድ ነገር እንተማመን። ጊታር አሮጌ ስለሆነ ብቻ አሪፍ አይሆንም። የጊታር አምራቹ ፌንደር በ1965 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ለአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ሲቢኤስ ከተሸጠ በኋላ የተሠራውን ሁሉ የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከዚያ በኋላ ተሠርቶ ድምፁ ልብ የሚወስድ አለ፤ ከዚያ በፊት ተሠርቶ ደረቅ እንጨት የሆነም አለ። ጆሯችሁ ይፍረድ።

ዕድሜውን ለማወቅ በተከታታይ ቁጥሩ ብቻ አትመኑ። በፌንደር ላይ ቁጥሩ ያለበት ብረት በአራት ቪቴ የተያዘ ነው፤ ማንም ፈትቶ ሌላ ሊያስገባ ይችላል። ፖቶቹ (ከቮሊዩምና ከቶን ማዞሪያዎቹ ስር ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች) የተሻለ ይናገራሉ። ጀርባቸው ላይ የታተመው ቁጥር ሲጀምር 137 ከሆነ የሲቲኤስ ኩባንያ፣ 304 ከሆነ የስታክፖል ኩባንያ ሥራ ነው። ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣል። 1376612 ማለት በ1966 በ12ኛው ሳምንት የተሠራ የሲቲኤስ ፖት ነው። በ1950ዎቹ ፖቶች ላይ ዓመቱ በአንድ አሃዝ ብቻ ስለሚጻፍ ቁጥሩ ያጥራል። ልብ በሉ፤ ይህ የፖቱ ልደት እንጂ የጊታሩ አይደለም። ፋብሪካ በብዛት ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ፌንደር በ1966 የተሠሩ ፖቶችን ለዓመታት ሲጠቀም ነበር። ፖቱ ኦሪጅናል ከሆነ፣ የሚያረጋግጥላችሁ ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ነው። ይህን ለማየት ስትከፍቱ ብየዳውን አትንኩ። ያልተነካ የፋብሪካ ብየዳ ራሱ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ሥራው ይደገማል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳልና። መጀመሪያ የክሩን ውፍረት ወስኑና በእሱ ጽኑ። ቀጥሎ አንገቱ። የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰኩት ብረቶች አንዱ) ላይ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ፣ እሰሩ፤ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከሰፋ ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) በሰዓት አቅጣጫ አጥብቁ፣ ከጠበበ አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ አዙራችሁም አሳድሩት። እንጨት ትእዛዝ የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው።

የድሮ ፌንደር ላይ የትራስ ሮዱ ጫፍ ያለው አካሉ በኩል ነው። ክሩን አላልታችሁ፣ የአንገቱን ቪቴዎች ፈትታችሁ ነው የምትደርሱበት። አንገቱ ሲወጣ ከስሩ ቀጭን ቁራጭ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ አትጣሉት! የአንገቱን ማዕዘን ለማስተካከል ፋብሪካው ራሱ ያስገባው ሊሆን ይችላል። በነበረበት መልሱት። ትራስ ሮዱ አልዞር ካለ ደግሞ ጉልበት አትጨምሩ። የሮዱ ጥርስ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጉ፤ ያም ካልሠራ ለባለሙያ ስጡት። የተበጠሰ ትራስ ሮድ ከባድ ሥራ ነው፤ ፍሬቶቹ የተሰኩበትን ጣውላ መክፈት ይጠይቃል።

ቀጥሎ የክሩ ከፍታ። 12ኛው ፍሬት ላይ ለቀጭኑ ክር 1.6 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር በየቦታው ታያላችሁ። ለአሮጌ ፌንደር አትከተሉት። የድሮው የፌንደር ጣውላ ክብነቱ በ7.25 ኢንች ነው፣ ማለትም ወደ 184 ሚሊ ሜትር፤ የሌላው አምራች የጊብሰን 12 ኢንች ስለሆነ ጠፍጠፍ ይላል። በጣም ክብ የሆነ ጣውላ ላይ ክሩን ዝቅ አድርጋችሁ ቀጭኑን ወደ ላይ ስትገፉት ከላይ ያለ ፍሬት ይነካና ድምፁ እዚያው ይታፈናል። እኔ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ እተወዋለሁ። ጣውላውን ሞርደው ጠፍጣፋ የሚያደርጉ አሉ። ምቾቱ አይካድም፤ የተሞረደው እንጨት ግን አይመለስም።

ስትቃኙ ነቱ (ክሮቹ በመቃኛዎቹ በኩል የሚያልፉበት ባለ ጎድጓዳ ቁራጭ) ላይ "ጢን" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሩ ተይዟል ማለት ነው። የእርሳስ ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ አሹበት፤ ግራፋይቱ ያለሰልሰዋል። ቅኝት አልያዝ አለ ብለው መቃኛ የሚለውጡ ሰዎች ይገርሙኛል፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ነት ላይ ነው።

ከዚያ ብሪጁ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ የምታወጡትን ሃርሞኒክና ተጭናችሁ የምታገኙትን ድምፅ በቱነር አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቁራጭ) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ውሰዱት። የድሮ የፌንደር ቴሌካስተር ሦስት ሳድል ብቻ ስላለው ሁለት ክር አንዱን ይጋራሉ። ፍጹም አይሆንም። ሁለቱን አስታርቁና ተጫወቱ።

የፒካፑን ከፍታ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ነው። የፌንደር ስትራቶካስተር ፒካፕ ማግኔት ጠንካራ ነው። ወደ ክሩ ሲጠጋ ክሩን ይስበዋል፤ ወፍራሙ ክር ላይ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ስትወጡ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቅኝቱም የተበላሸ ይመስላል። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ለኩ፤ በወፍራሙ በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጆሮ። ድምፁ ቀነሰ ብላችሁ አትደንግጡ፤ አምፑ ላይ ቮሊዩም አለ።

የሚንጫረር ፖት ላይ ለፖት የተሠራ ማጽጃ ንፉበትና ደጋግማችሁ አዙሩት። መቀየር የመጨረሻው ነገር ነው። መቀየር ግድ ከሆነ ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ) 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) 500 የተለመደው ነው። ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ጉርምርምታ ደግሞ አያስፈራም፤ የክሩ የመሬት ሽቦ እየሠራ ነው። የሚያስፈራው ባለ ሁለት እግር ሶኬት ያለው አሮጌ አምፕ ነው። ውስጡ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በክሩ አድርጎ እጃችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። ባለሙያ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ያስገባለት። እዚህ ላይ ስለ ኦሪጅናልነት የሚከራከረኝን አልሰማም።

ወደ መቀየር ስንመጣ ሕጌ አጭር ናት፦ ትራፓኖ የሚነሳበት ሥራ አይሠራም። በ1970ዎቹ በብዙ የጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሮች ላይ የደረሰው ያሳዝናል፤ ሌላ መቃኛ ለማስገባት ሲባል ቀዳዳው ሰፋ። ዛሬ በድሮው ቀዳዳ የሚገባ፣ ክር የሚቆልፍ መቃኛ ሳይቀር አለ። ጊብሰን በ1957 ጊታሮቹ ላይ ማስገባት የጀመረው፣ ሴት ላቨር የነደፈው ሃምበከር ካላችሁ ደግሞ ሽፋኑን አትክፈቱ።

ለለውጥ በጣም የሚመቸው ስትራቶካስተር ነው። ፒካፖቹ፣ ፖቶቹና የፒካፕ መምረጫ ማብሪያው ሁሉ ፒክጋርዱ (አካሉ ፊት ላይ ያለው ሽፋን) ላይ ነው የተሰቀሉት። ስለዚህ ሌላ ፒክጋርድ ግዙ፤ የፈለጋችሁትን ፒካፕና ባለ አምስት ደረጃ ማብሪያ ስቀሉበት። ፌንደር ራሱ እስከ 1977 ድረስ ባለ ሦስት ነበር የሚያስገባው። ኦሪጅናሉን ሙሉውን ስታወጡ የምትፈቱት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ወደ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት)፣ አንዱ ወደ ስፕሪንጉ መያዣ የሚሄዱ። የውስጡ ብየዳ ሳይነካ ይቀመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቀዳዳ ቁጠሩ። እስከ 1959 አካባቢ ፒክጋርዱ 8 ቪቴ ነበረው፣ ከዚያ በኋላ 11 ሆነ። አዲሱ ካልገጠመ ሌላ ፈልጉ እንጂ አካሉን አትብሱ። የ1960ዎቹ መጀመሪያ አረንጓዴ የሚመቱት ፒክጋርዶች ሴሉሎይድ ናቸው። በዕድሜ ይሸመቀቃሉ፣ በቀላሉም ይቃጠላሉ፤ መበየጃ አታስጠጓቸው፣ ታፍነውም አይቀመጡ።

ናይትሮ በሚባለው የድሮ ቀለም የተቀባውን ጊታር ላስቲክ ያለው ስታንድ ላይ አታሳድሩት፤ ላስቲኩ ቀለሙን ያቀልጠዋል። ከብርድ ሲገባ ኬዙን ቶሎ አትክፈቱ፤ ድንገተኛ ሙቀት ቀለሙን ይሰነጥቀዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንገሽግሿችሁ በነፃነት መሞከር ካማራችሁ፣ ቀድሞ የተነካ ጊታር ግዙ። እንደገና የተቀባ አሮጌ ጊታር ብዙ ጊዜ ከኦሪጅናሉ በግማሽ ዋጋ ይገኛል። እንጨቱ ያው፣ አንገቱ ያው፣ ሰብሳቢው ግን ፊቱን አዙሮበታል። እሱ ላይ የፈለጋችሁትን ፒካፕ አስገቡ፣ ፍሬቱን ቀይሩ። የለወጣችሁትን ዕቃ በፌስታል አድርጋችሁ፣ ምን እንደሆነ ጽፋችሁ ኬዙ ውስጥ አስቀምጡ። ሌላ ቀን ስትሸጡት ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።