ማት የተቀባ ቸርኬ ለምን ይሻክራል? ችግሩና መፍትሄው

ማት ማለት ሻካራ ማለት አይደለም። አያብለጨልጭም እንጂ ሲዳሰስ እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ማለት አለበት። ቸርኬ መፍታትና ማጠብ፣ ጎማውን በወረቀት መሸፈን የምታውቁት ስለሆነ አልደግመውም።

ሲዳሰስ ይሻክራል። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ስሠራ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ጥጥ ወስዳችሁ ቀለሙ ላይ ጎተት አድርጉት። ክሩ ተይዞ ከቀረ፣ ቀለሙ ቸርኬው ላይ የደረሰው ደርቆ ነው። ቲነሩ አየር ላይ ተንኖ ያልቃል፤ ጠብታው ተዘርግቶ መያያዝ ሲገባው እንደ ዱቄት ተነስንሶ ይቀራል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቲነር ቶሎ ይተናል። የቀትር ፀሐይና የመንገድ ዳር ነፋስ ሲጨመርበት አስቡት።

አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ ጥቁር ማት የተቀቡ አራት ቸርኬዎች ይዞ መጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ቡናማ ሆነዋል። የፍሬን ሸራ ብናኝ ሻካራው ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ላቫጆ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ ብሏል። በብሩሽ ሲፈትጉት ደግሞ ጠርዝ ጠርዙ አብለጨለጨ። ቀቢውን ደውሎ ሲጠይቀው፣ «እንዳይወርድ ብዬ ራቅ አድርጌ ነው የረጨሁት» አለው። እባካችሁ አትራቁ!

የደረቀ ማት ፈትጎ ማለስለስ አይቻልም፤ የፈተጋችሁት ቦታ ያብለጨልጫል። መፍትሄው እንደገና መቀባት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ በ600 ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እየነከራችሁ፣ ሻካራው እስኪጠፋ ፈትጉት። በደንብ ሲደርቅ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት ቀቡ። ብረቱ ለእጅ የሚሞቅ ከሆነ አትጀምሩ። የጣሳ ስፕሬይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። በኮምፕሬሰር የምትረጩ ደግሞ ቶሎ የማይደርቅ ቲነር ተጠቀሙ።

አሁን ጎንበስ በሉና ብርሃኑን በአግድም እዩት። ቀለሙ እንዳረፈ ለጥቂት ጊዜ እርጥብ ሆኖ ማብለጭለጭ አለበት። ከዚያ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ገና ሲያርፍ ከደበዘዘ ርቃችኋል ወይም ፈጥናችኋል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደራርቡ፣ በየመሃሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያ የቸርኬውን ዘንጎች የውስጥ ጎን ጨርሱ፣ ፊቱን መጨረሻ ቀቡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ከውስጥ ነጥሮ የሚመጣው የቀለም ብናኝ ያማረው ፊት ላይ ያርፋል።

ሌሎች ችግሮችም አሉ። እዚህም እዚያም ያብለጨልጫል። ማት የሚያደርገው ዱቄት ጣሳው ሥር ዘቅጧል። ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ወዝውዙ። አፉ የሚተፋ ርካሽ ጣሳ ግን ቢወዘወዝም አይረባም። ገንዘባችሁን አታቃጥሉ።

የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ያወጣል። ላቫጆ የሚቀባው ጎማ ማብረቂያ ነው፤ ሲሊኮን አለው። በሲሊኮን ማስወገጃና በንጹህ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጥረጉ። ከመፈተጋችሁ በፊት ይሁን፤ አለዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን እያዳረሰ ጭረቱ ውስጥ ይከተዋል። በቤንዚን አትጥረጉ፣ ቅባት ይተዋል።

ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። የክረምት እርጥበት ነው። ዝናቡ አባርቶ አየሩ እስኪደርቅ ጠብቁ።

እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ማያያዣ) አልተቀባም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የዳዶ (ቸርኬውን የሚያጠብቀው) መቀመጫውንና ቸርኬው ከሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር የሚገጥምበትን ፊት አትቀቡ! በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት። ቀለሙ ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል፤ ቸርኬ እየተጓዘ ሊፈታ ይችላል። የተቀባ ካለ ልጣችሁ አንሱት። መኪናው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላም ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ።