የሚያሸና መድኃኒት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር እንዳይጋጭ እንዴት ይጠነቀቃሉ?

ለደም ግፊት፣ ለልብ ድካም ወይም ለሰውነት እብጠት የሚያሸና መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ሊያረጋግጠው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር የያዘው ክኒን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከውሃና ከጨው ጋር ፖታሲየም የተባለውን ማዕድንም በሽንት ያስወጣሉ፤ ስፓይሮኖላክቶንና አሚሎራይድ ግን ፖታሲየምን ያስቀራሉ። በደም ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ መሆን ሲኖርበት፣ ከዚህ በእጅጉ ቢያንስም ቢበዛም የልብ ምት ይዛባል። ክኒኑን በንግድ ስሙ ብቻ የሚያውቁት ከሆነ፣ በማሸጊያው ላይ በአነስተኛ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ስም ያንብቡ።

ፖታሲየም የሚያስወጣውን ዓይነት ዲጎክሲን ከተባለው የልብ መድኃኒት ጋር የሚወስዱ ከሆነ የደም ምርመራዎን አያስተጓጉሉ፤ ፖታሲየም ሲያንስ የዲጎክሲን መጠን ሳይጨመር እንኳ መድኃኒቱ ልብን ሊመርዝ ይችላልና። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽና ነገሮች ቢጫ ሆነው መታየት የዚህ ምልክቶች ናቸው። ለብግነትና ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እንዲሁም በብዛት የሚወሰድ የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል የፖታሲየሙን መቀነስ ያባብሳሉ።

ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዙት ኢናላፕሪልና ሎሳርታን፣ ፀረ ባክቴሪያው ኮትሪሞክሳዞል፣ የፖታሲየም ክኒን፣ እንዲሁም ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት የማይቆጥረው በፖታሲየም የተሠራ የጨው ምትክ ሁሉም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ስፓይሮኖላክቶን በከባድ የልብ ድካም የሚከሰተውን ሞት እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ አጠቃቀሙ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በካናዳዋ ኦንታሪዮ የኢናላፕሪልን ወገን መድኃኒቶች ከሚወስዱ የልብ ድካም ታካሚዎች መካከል በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል የሚገቡት በ1994 ከ1,000 ሰው 2.4 የነበሩት በ2001 ወደ 11 ደረሱ። ይህ ግን ስፓይሮኖላክቶንና የኢናላፕሪል ወገን መድኃኒቶች አብረው አይታዘዙም ማለት አይደለም፤ ጥምረቱ ለብዙ ታካሚዎች ጠቃሚ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሲያዝልዎ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራው መቼ እንደሚደረግ ቀኑን ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው በሳምንት ውስጥ፣ ቀጣዩ ደግሞ በወሩ አካባቢ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያዘናጋው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ያለ ማዘዣ ስለሚገዛ ለሐኪሙ የሚናገረው ጥቂት ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ክፍት አድርገው የሚጠብቁትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ስለሚቀንሱ፣ የሚያሸናው መድኃኒት ኃይሉ ይዳከማል፣ እብጠቱም ሊመለስ ይችላል። በዚህ ላይ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ሲታከል ኩላሊት በድንገት ሊጎዳ ይችላል፤ አደጋው በዕድሜ በገፉና ፈሳሽ ባነሳቸው ሰዎች ላይ ያይላል። ለቀላል ሕመም በተፈቀደው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይሻላል። ለልብ የታዘዘን አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ግን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ።

ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲጀምር ሊቲየሙ በደሙ ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል መጠኑ መለካት አለበት። ፉሮሴማይድ ጄንታማይሲን ከተባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ጋር ሲሰጥ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል፤ ጆሮ ውስጥ ጩኸት ከተሰማዎ ወዲያውኑ ይናገሩ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የደም ስኳርን ሊጨምር ስለሚችል የስኳር ሕመምተኞች ልኬታቸውን በቅርብ ይከታተሉ።

ያለ ማዘዣ የሚገዙትንና ከዕፅዋት የተዘጋጁትን ጨምሮ የሚወስዱትን ሁሉ ከነመጠኑ በአንድ ወረቀት ጽፈው አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ ለሐኪሙ፣ ሲገዙ ደግሞ ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎ የትኛው መድኃኒት ለጊዜው መቆም እንዳለበት ሐኪምዎን በዚያው ዕለት ይጠይቁ። ራስን መሳት፣ ከባድ የጡንቻ ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ካጋጠመዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ወረቀቱንም ይያዙ።