ቤዝ የሚበዛበትን ኢርፎን ለሙዚቃና ለጌም እንዴት እንመዝን?

ቤዙ፣ ማለትም ዝቅተኛውና ወፍራሙ ድምፅ፣ የሚደልቅ ኢርፎን ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ የሞከረ ሰው በቀላሉ ይማረካል፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ድምፃዊው ከከበሮው ጀርባ መደበቁን፣ በጌም ውስጥም የተጋጣሚው ኮቴ በፍንዳታ መዋጡን ይገነዘባል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኢርፎን ስንመዝን ዋናው ጥያቄ ቤዙ የሌላውን ድምፅ ቦታ ይወስዳል ወይስ አይወስድም የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የኢርፎኑን ጎማ ይፈትሹ። በጎማውና በጆሮ ቀዳዳ መካከል ጥቂት ክፍተት ካለ ዝቅተኛው ድምፅ በዚያ ያመልጣል፤ የቀረው ድምፅ ቀጭንና ሻካራ ይሆንና ጥፋቱ በኢርፎኑ ይመካኛል። እኔም አንዱን ኢርፎን ቤዝ የለውም ብዬ ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩት በኋላ፣ ጎማውን በአንድ ደረጃ ከፍ ባለው ስቀይረው ፍጹም ሌላ ዕቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍተው ኢርፎኑን በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይጫኑት፤ ቤዙ ከጨመረ ጎማው አልገጠመም ማለት ነው። የሁለቱ ጆሮዎች ቀዳዳ ሊለያይ ስለሚችል ለቀኙ መካከለኛ፣ ለግራው ትልቅ ጎማ መጠቀም ምንም ነውር የለውም።

ሁለት ኢርፎኖችን ሲያወዳድሩ የድምፃዊው ድምፅ በሁለቱም እኩል ጎልቶ እስኪሰማ ድረስ መጠኑን ያስተካክሉ። ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙን ይበልጥ አሳንሶ ስለሚሰማ፣ ከፍ ብሎ የተከፈተው ኢርፎን ሳይገባው ያሸንፋል።

ለሙዚቃ ምዘና ከሁሉ አስቀድሜ የምከፍተው በገና ነው። ወፍራሙ የጅማት ድምፅ ከታች ሆኖ፣ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ጅማቱን እየነካ የሚፈጥረው ንዝረት ከላይ ይሰማል፤ ጥሩ ኢርፎን ሁለቱን ለይቶ ሲያሰማ፣ ቤዙ የተጨማለቀው ግን ንዝረቱን ወደ ድፍን ጉምጉምታ ይለውጠዋል። ከበሮም እንዲሁ ሁለት ፊት ስላለው የሰፊውና የጠባቡ ምት ልዩነት ተለይቶ መሰማት አለበት። ቀጥሎ ቤዝ ጊታርን ይከታተሉ። የባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር ወፍራም ክር በተለመደው ቅኝት 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ገደማ ላይ ስለሚያርፍ፣ ኢርፎኑ ከ60 ኸርዝ በታች ያለውን ጥልቅ ቤዝ በእርግጥ ማሰማቱን ያሳያል። ብዙ ርካሽ ኢርፎኖች ግን ይህንን ጥልቀት ትተው ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን ያሳብጣሉ፤ የወንድ ድምፅ መሠረትም በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ስለሚገኝ ዘፋኙ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚዘፍን ይመስላል።

በጌም ውስጥ አቅጣጫን የምናውቀው ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜና የኃይል ልዩነት ነው፤ የኮቴን ዝርዝር ለይተን የምንሰማው ደግሞ በአብዛኛው ከቤዝ በላይ ባለው ክልል ነው። ኃይለኛ ዝቅተኛ ድምፅ ከበላዩ ያለውን ደካማ ድምፅ የመሸፈን ባሕርይ ስላለው ጸጥ ባለ ቦታ ብቻ መሞከር አይበቃም። በጌሙ የልምምድ ሜዳ ጓደኛዎን ዙሪያዎን እንዲራመድ ያድርጉና ዓይንዎን ጨፍነው ያለበትን ይጠቁሙ፤ ከዚያም ያንኑ በተኩስና በፍንዳታ መካከል ይድገሙት። ሁለተኛው ሙከራ ላይ መሳት ከጀመሩ ቤዙ ለጌም በዝቷል። ብሉቱዝ ከሆነ ደግሞ ጥይቱ ሲተኮስ ድምፁ ዘግይቶ እንደሚመጣ ይመልከቱ፤ ለፈጣን ጨዋታ ባለ ገመዱን እመርጣለሁ።

ጥቂት የበዛ ቤዝ በኢኩዋላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ፣ ይታረማል። 200 ኸርዝ አካባቢ ያለውን በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ቀንሰው ዘፋኙ ወደፊት መምጣቱን ያድምጡ። በተቃራኒው ቤዝ በ6 ዴሲቤል ከጨመሩ ግን አጠቃላይ መጠኑን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ፤ አለበለዚያ የሚሰሙት መንኳኳት የኢርፎኑ ሳይሆን ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ጫፉ የተቆረጠው ድምፅ ሊሆን ይችላል። ዝቅ አድርገውትም መንኳኳቱ ካልጠፋ፣ ጎማውም በትክክል ከገጠመ፣ ያንን ኢርፎን ለሻጩ ይመልሱት።