የፖሊኖሚያል እኩልታዎችን ሥሮች ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሒሳብ ደብተር የሚያርም ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚያስተውለው ነገር አለ፦ ተማሪው ነጥብ የሚያጣው መደመርና ማባዛት አቅቶት ሳይሆን፣ ደንቡን አስታውሶ ደንቡ የሚሠራበትን ሁኔታ በመርሳቱ ነው። ልማዱ በጊዜ ካልታረመ ኮምቦልቻ ወደሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ድረስ አብሮት ይወርዳል። ከዚህ በታች የማይታወቀውን ቁጥር «ቀ»፣ የኳድራቲክ (የሁለተኛ ዲግሪ) እኩልታውን የሀቀ² + ለቀ + ሐ = 0ን ኮኢፊሸንቶች (አባዥ ቁጥሮች) ደግሞ በቅደም ተከተል «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ፖሊኖሚያል የምንለው እንዲህ የቀ ፓወሮች በቁጥር እየተባዙ የተደመሩበትን አገላለጽ፣ ሥር የምንለው ደግሞ እኩልታውን እውነት የሚያደርገውን የቀ ዋጋ ነው።

በቅድሚያ የሚነሣው ሁለቱን ወገን በማይታወቀው ቁጥር ማካፈል ነው። ቀ² = 5ቀ ሲሰጠው ብዙ ተማሪ በቀ አካፍሎ 5 የሚል አንድ መልስ ብቻ ይጽፋል። ማካፈል የሚፈቀደው አካፋዩ ዜሮ አለመሆኑ ሲታወቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ቀ(ቀ − 5) = 0 ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ያን ጊዜ የጠፋው 0 ተመልሶ ይገኛል። የዚህ ቅርብ ዘመድ (ቀ − 3)(ቀ + 2) = 6 ላይ ቀ − 3 = 6 ወይም ቀ + 2 = 6 ብሎ መፍታት ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሁለቱ አንዱን እንድናውቅ የሚያስገድደው ውጤቱ ዜሮ ሲሆን እንጂ 6 ሲሆን አይደለም። ቅንፎቹን አባዝተን 6ን ስናሻግር ቀ² − ቀ − 12 = 0 ይሆናል፤ ሥሮቹም 4 እና −3 ናቸው።

በኳድራቲክ ቀመሩ፣ ማለትም በቀ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀሐ))/(2ሀ)፣ አጠቃቀም ላይ የሚታዩት ግድፈቶች ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። በ3ቀ² − 7ቀ − 6 = 0 ውስጥ ለ = −7 ስለሆነ −ለ ማለት +7 ነው፤ የክፍልፋዩ መስመርም ከስኩዌር ሩቱ በታች ብቻ ሳይሆን ከላዕሉ ሁሉ በታች መሰመር አለበት። መልሱ (7 ± 11)/6፣ ማለትም 3 እና −2/3 ነው።

ዲስክሪሚናንቱ፣ ማለትም ለ² − 4ሀሐ፣ ከዜሮ ሲያንስ «መፍትሔ የለውም» ብሎ መደምደምም የተለመደ ነው። መባል ያለበት «ሪያል መፍትሔ የለውም» ነው፤ የነጌቲቭ ቁጥርን ስኩዌር ሩት በሚያካትቱት በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ውስጥ እኩልታው ሁለት ሥሮች አሉት። ዲስክሪሚናንቱ ሙሉ ስኩዌር ከሆነ ሥሮቹ ራሽናል (በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ የሚጻፉ) ናቸው የሚለው ደንብም የሚሠራው ኮኢፊሸንቶቹ ራሽናል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ የቀ² + (√5)ቀ + 1 = 0 ዲስክሪሚናንት 1 ቢሆንም ሁለቱም ሥሮቹ ኢራሽናል ናቸው።

ፈተና አውጪዎች የሚወዱት ወጥመድ ግን ኮኢፊሸንቱ ራሱ ያልታወቀ ሲሆን የሚፈጠረው ነው። (ከ − 1)ቀ² + 4ቀ + 2 = 0 የሚለው እኩልታ አንድ መፍትሔ ብቻ እንዲኖረው የ«ከ» ዋጋ ስንት መሆን አለበት? ተማሪው 16 − 8(ከ − 1) = 0 ብሎ ከ = 3 ያገኛል፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ መልሱ ግን ጎዶሎ ነው። ከ = 1 ሲሆን የመጀመሪያው ቃል (ቀ² ያለበት ተርም) ጠፍቶ 4ቀ + 2 = 0 ይቀራል፤ ይህም −1/2 የሚል አንድ መፍትሔ አለው። ስለ ዲስክሪሚናንት ከመናገር በፊት እኩልታው በእርግጥ ኳድራቲክ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው የሥሮች ድምርና ብዜት አጠቃቀም ይመስለኛል። ሥሮቹን «መ» እና «ነ» ብንላቸው ድምራቸው −ለ/ሀ፣ ብዜታቸው ሐ/ሀ ነው። አሁን ቀ² − 2ከቀ + ከ + 6 = 0 ሪያል ሥሮች አሉት ተብሎ የመ² + ነ² ትንሹ ዋጋ ተጠየቀ እንበል። (መ + ነ)² − 2መነ የሚለውን ተጠቅመን 4ከ² − 2ከ − 12 እናገኛለን። የዚህ አገላለጽ ዝቅተኛ ነጥብ በከ = 1/4 ላይ ሲሆን ዋጋው −12.25 ነው፤ ብዙ ደብተር ላይ ሥራው እዚህ ይቆማል። ይሁን እንጂ የሁለት ሪያል ቁጥሮች ስኩዌር ድምር ነጌቲቭ ሊሆን አይችልም። የተረሳው ሁኔታ ዲስክሪሚናንቱ ከዜሮ አለማነሱ ነው፤ ከ² − ከ − 6 ≥ 0 ሲፈታ «ከ» ወይ −2 ወይም ከዚያ በታች፣ አለዚያም 3 ወይም ከዚያ በላይ ነው። በከ = 3 ዋጋው 18፣ በከ = −2 ደግሞ 8 ስለሚሆን ትክክለኛው መልስ 8 ነው። እዚህ ላይ ስህተቱ ራሱን ያጋለጠው ነጌቲቭ ስለወጣ ነው፤ ፖዘቲቭ ወጥቶ ቢሆን ማንም ሳይጠረጥረው ያልፍ ነበር። በሌላ በኩል ሥሮቹ ሪያል ይሁኑ ካልተባለ ነጌቲቭ ውጤት ሊያስደነግጠን አይገባም፤ የቀ² − 2ቀ + 5 = 0 ሥሮች ስኩዌር ድምር በትክክል −6 ነው።

ነጌቲቭ ሥርን በልማድ መሰረዝም ሌላው ችግር ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ ለስሌት እንዲመች 24 ኪሎ ሜትር እንበለው። አንድ ሚኒባስ ቁልቁል ወርዶ ሲመለስ ዳገቱ ፍጥነቱን በሰዓት በ8 ኪሎ ሜትር ቢቀንስበትና ጉዞው በ6 ደቂቃ ቢረዝም፣ የመውረጃ ፍጥነቱ ስንት ነው? እኩልታው 24/(ቀ − 8) − 24/ቀ = 0.1 ነው፤ በ0.1 ሰዓት ፈንታ 6 ብሎ የጻፈ ተማሪ ከመነሻው መንገድ ስቷል። ሲስተካከል ቀ² − 8ቀ − 1920 = 0 ይሆናል፤ ሥሮቹ 48 እና −40 ናቸው። −40 የሚጣለው የእኩልታው ሥር ስላልሆነ ሳይሆን ጥያቄው ስለ ፍጥነት ስለሆነ ነው፤ ጥያቄው እኩልታ ፍቱ ብቻ ቢል ኖሮ ሁለቱም መጻፍ ነበረባቸው። የተጣለው 40 ያለ ምልክቱ ሲታይ የዳገቱ ፍጥነት መሆኑን ልብ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው።

ወደ ሦስተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ስናልፍ ሲንቴቲክ ዲቪዥን (ኮኢፊሸንቶችን ብቻ ደርድሮ የማካፈል አጭር ስልት) ላይ የጎደለውን ቃል መዝለል ዋነኛው ጥፋት ነው። ቀ³ − 7ቀ + 6ን በቀ − 1 ስናካፍል የሚደረደሩት ቁጥሮች 1፣ 0፣ −7፣ 6 ናቸው። ዜሮውን ረስቶ 1፣ −7፣ 6 ብሎ የደረደረ ሰውም ቀሪው ዜሮ ስለሚወጣለት ሥራው የተሳካ ይመስለዋል፤ ከዚያም ድርሻው ቀ − 6 ነው ብሎ 6ን ሥር ያደርገዋል። 6ን በቦታው ብንተካ ግን 180 እንጂ ዜሮ አይመጣም። ትክክለኛው ድርሻ ቀ² + ቀ − 6 ሲሆን ሥሮቹ 1፣ 2 እና −3 ናቸው። ራሽናል ሥሮችን ስንፈልግም 2ቀ³ − 3ቀ² − 8ቀ + 12 = 0 ላይ የ12ን አካፋዮች ብቻ የሞከረ ተማሪ 2ን እና −2ን አግኝቶ ይቆማል፤ የመሪው ኮኢፊሸንት አካፋዮች ታህት ላይ ስለሚገቡ 3/2 ያመልጠዋል።

በሁለት ነጥቦች መካከል የፖሊኖሚያሉ ምልክት ከተለወጠ ቢያንስ አንድ ሥር አለ። ምልክቱ ካልተለወጠ ግን ሥር የለም ማለት አይደለም። ቀ³ − 3ቀ + 2 በ0.5 ላይ 0.625፣ በ1.5 ላይ ደግሞ 0.875 ነው፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ሆነው ሳለ በመካከላቸው 1 ሁለት ጊዜ የሚቆጠር ሥር ሆኖ ተቀምጧል።

ኖርዌያዊው ኒልስ ሄንሪክ አቤል በ1824 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠውን ይዞ «የአምስተኛ ዲግሪ እኩልታ አይፈታም» ማለትም ስህተት ነው። የሌለው በአራቱ መደበኛ ስሌቶችና በሩት ብቻ የሚጻፍ፣ ለሁሉም የሚያገለግል ቀመር ነው። ቀ⁵ − 32 = 0 ያለ ምንም ችግር ይፈታል፤ ቀ⁵ − ቀ − 1 = 0 ደግሞ በሩት ሊጻፍ ባይችልም ወደ 1.1673 የሚጠጋ ሪያል ሥር አለው።

በመጨረሻም ካልኩሌተርን ያለ ጥርጣሬ ማመን አለ። በቀ² − 4000ቀ + 1 = 0 ላይ ስኩዌር ሩቱን በስድስት አሃዝ ያጠጋጋ ሰው ትንሹን ሥር 0 ያደርገዋል፤ የሥሮቹ ብዜት 1 መሆኑን ተጠቅሞ 1ን ለትልቁ ሥር ቢያካፍል ግን 0.00025 ያገኛል። እንግሊዛዊው ጄምስ ዊልኪንሰን ከ1 እስከ 20 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ሥሮቹ አድርጎ በዘረዘረው ፖሊኖሚያል ላይ የ19ኛውን ዲግሪ ኮኢፊሸንት ከ−210 ከአንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ መጠን ሲቀንሰው፣ ከሃያዎቹ ሥሮች አሥሩ ኮምፕሌክስ ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ በፋክተር መልክ የተሰጠን ፖሊኖሚያል አባዝቶ ዘርዝሮ፣ ኮኢፊሸንቶቹን አጠጋግቶ፣ ከዚያ ሥሩን በማሽን መፈለግ በተለይ ዲግሪው ከፍ ሲል ሊወገድ ይገባል።