«ኡንሃይምሊሽ»፦ ቤቱን ረስተን የምንተረጉመው ቃል

መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በር ላይ የሰቀላችሁት ጋቢ ሰው መስሎ ታይቷችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ትከሻ አለው። አንገቱን ደፋ አድርጓል። የስልኬን ባትሪ ሳበራ የራሴ ጋቢ ነው፤ ማታ በእጄ የሰቀልኩት። የገረመኝ ግን ካወቅኩት በኋላም ደስ አለማለቱ ነው። አውርጄ ወንበር ላይ አጥፌ ካስቀመጥኩት በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጀርመኖች ለዚህ ስሜት «ኡንሃይምሊሽ» የሚል ቃል አላቸው። ስለ ሥነ ልቦና፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ሮቦት ሲወራ ይነሳል። ሲነሳም ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ይዛባል። ቃሉን በጣም ስለምወደው፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«አስፈሪ» ብሎ ማለፍ

ጅብ ያስፈራል። ግን ጅብ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ትሮጣላችሁ፣ አለቀ። ጋቢው ግን ምንም አያደርጋችሁም። ሆኖም ሰውነትን ውርር ያደርጋል። በኛ ቋንቋ «ቀፈፈኝ» የምንለው ከ«ፈራሁ» ይልቅ ይቀርበዋል። እኔ ከሁለቱ ብመርጥ «ቀፈፈኝ»ን እመርጣለሁ።

«የማይታወቅ ነገር» ማለት ነው ብሎ ማሰብ

ይህ ስህተት የተማረ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ኤርንስት የንች የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለዚህ ስሜት ጽፎ ነበር። ስሜቱ የሚመጣው አእምሮ ሲጠራጠር ነው አለ። የሰም ምስል ወይም አሻንጉሊት እናያለን፤ ነፍስ ይኑረው አይኑረው መለየት ያቅተናል። ኦስትሪያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1919 ባሳተመው ጽሑፉ ይህን ተቀብሎ «አይበቃም» አለ። አዲስ ነገር ሁሉ አይቀፍምና። የሚቀፈው ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው፣ የኛ የነበረ፣ አሁን ግን ባይተዋር ሆኖ የተመለሰ ነገር ነው። የማላውቀው ጋቢ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደኝ።

«ኡን»ን ቆርጦ ቀሪውን ማገላበጥ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የቃሉ ውበት ያለው እዚህ ነው።

«ሃይም» ቤት፣ መኖሪያ ነው። «ኡን» ማፍረሻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሃይምሊሽ» ማለት የቤት፣ የሚመች ማለት ነው፤ «ኡንሃይምሊሽ» ደግሞ ተቃራኒው ነው ብሎ ይዘጋዋል። ፍሮይድ ግን መዝገበ ቃላት ገልጦ ሲያነብ ያልጠበቀውን አገኘ። «ሃይምሊሽ» ራሱ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ቤተኛ፣ የለመደ፣ ምቹ ነው። ሌላው የተሸሸገ፣ በድብቅ የተደረገ ነው። የዛሬ ጀርመናዊ ቃሉን ሲጠቀም በአብዛኛው የሚያስበው ሁለተኛውን ነው።

ምቾትና ድብቅነት እንዴት በአንድ ቃል ውስጥ ያድራሉ? ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ብዙ ማስረዳት የሚፈልግ አይመስለኝም። «ገበና» የሚል ቃል አለን። ቤት የሚያሞቀንም ግድግዳው ነው፣ ከጎረቤት ዓይን የሚሸሽገንም ያው ግድግዳ ነው። ለውስጥ ሰው ቤተኛነት የሆነው ለውጭ ሰው ምስጢር ነው።

ፍሮይድ ከመዝገበ ቃላቱ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሰዎች ስለ አንድ ቤተሰብ እያወሩ ነው። የቤተሰቡ ሰዎች እንደ ደረቀ ኩሬ ናቸው ይላል አንዱ፤ በላዩ ስትሄድ ውሃው ዳግም ይመጣ ይሆን እያልክ ትሰጋለህ። ከዚያም ይህን እኛ «ኡንሃይምሊሽ» ስንለው እናንተ «ሃይምሊሽ» ትሉታላችሁ ይባባላሉ። ሁለቱ ተቃራኒዎች አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

ፈላስፋው ሼሊንግ ቀደም ሲል የሰጠው ፍቺም ለፍሮይድ ቁልፍ ሆነለት፦ ተሰውሮ መቅረት የነበረበት ነገር ወደ ብርሃን ሲወጣ «ኡንሃይምሊሽ» ይባላል። እኛ ብንሆን ገበናው ወጣ እንላለን።

ቃሉን ፍሮይድ ፈጠረው ማለት

አልፈጠረውም። ከሱ በፊት የኖረ የጀርመንኛ ቃል ነው። ሼሊንግም የንችም ቀድመውታል።

እንግሊዝኛውን ከጀርመንኛው ጋር አንድ ማድረግ

በእንግሊዝኛ «አንካኒ» ይሉታል። ስሜቱ ይቀራረባል፣ ሥሩ ግን ሌላ ነው። «ካኒ» ከስኮትላንድ በኩል የመጣ፣ «ማወቅ» ከሚለው ሥር የተወለደ ቃል ነው። ጠንቃቃ፣ ብልህ፣ የሚታመን ማለት ነው። «አንካኒ» ደግሞ የማይታመን፣ ከረቂቅ ኃይል ጋር የሚነካካ ሆነ። የኛ «አዋቂ»ም ከማወቅ ተነስቶ ጠንቋይ ቤት መድረሱን ልብ በሉ። በ«አንካኒ» ውስጥ ግን ቤት የለም። ፈረንሳዮች የፍሮይድን ጽሑፍ በ1933 ሲተረጉሙ ርዕሱን «ሰላም የሚነሳ እንግዳነት» አሉት። ያምራል፤ ቤቱ ግን እዚያም ቀረ። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወይም ከፈረንሳይኛ የሚተረጉም ሰው ጀርመንኛውን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቢያይ መልካም ነው።

የሮቦቱን «ሸለቆ» ከፍሮይድ ጋር ማምታታት

ማሳሂሮ ሞሪ የጃፓን የሮቦት መሃንዲስ ነበር። በ1970 ሮቦት ሰው እየመሰለ በሄደ ቁጥር እንደምንወደው፣ ሰው ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ግን ስሜታችን በአንዴ ቁልቁል እንደሚወርድ ጻፈ። ያን ቁልቁለት ሸለቆ አለው። የተጠቀመበት የጃፓንኛ ቃል «ቡኪሚ» ነው። «አንካኒ» የሚለው ስም የመጣው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ብዙዎች ደግሞ «ሰው በመሰለ ቁጥር ይቀፋል» ብለው ይረዱታል። እንደዚያ አይደለም፤ ሸለቆ ነውና ከወዲያ ማዶ ዳገት አለው። ሞሪ የሰው ሠራሽ እጅን ምሳሌ ሰጥቷል። ከሩቅ እውነተኛ ይመስላል። ስትጨብጠው ግን ይቀዘቅዛል፣ አጥንት የሌለው ያህል ይልፈሰፈሳል።

«ይህ በመንፈስ ለሚያምኑ ሰዎች ነው» ማለት

ፍሮይድ መናፍስት ከሚያምኑት ወገን አልነበረም። እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ግን ስለራሱ ያወጋል። በባቡር የመኝታ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ባቡሩ ሲንገጫገጭ የመታጠቢያው በር ተወርውሮ ይከፈታል። የቤት ካባ የለበሰ፣ የጉዞ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ይገባበታል። ፍሮይድ ሰውዬው ክፍል ተሳስቶ ነው ብሎ ሊነግረው ይነሳል። በሩ ላይ መስታወት ነበር። ያየው ራሱን ነው። አልደነገጥኩም ይላል፤ የሰውዬው መልክ ግን ጨርሶ ደስ እንዳላለው ያስታውሳል።