ተመሳሳይ አዳኝ አእዋፍን ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቀለም መጀመር

አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። አዳኝ ወፍ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሥር ሆኖ፣ ሰማዩ ከጀርባው እያበራ ነው፤ በዚያ ብርሃን ነጩ ግራጫ፣ ቡናማው ጥቁር ይመስላል። በአንድ ዝርያ ውስጥም ቢሆን ቀለም አይጸናም። አውጉር ባዛርድ ሆዱ ነጭ የሆነ አለ፣ ሆዱ ጥቁር የሆነም አለ። ታውኒ ንስር ከገለባ ቀለም እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅርጹን ይመልከቱ። ፋልከን ክንፉ ረጅም፣ ጫፉም ሹል ነው። በዛፎች መሐል የሚያድኑት እንደ ስፓሮውሆክ ያሉት አጭርና ክብ ክንፍ፣ ረጅም ጅራት አላቸው፤ ጥቂት ያራግቡና ይንሸራተታሉ። ባዛርድ ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር ነው። የንስር ክንፍ ረጅምም ሰፊም ሲሆን የጫፍ ላባዎቹ ተለያይተው ይታያሉ።

መጠንን በባዶ ሰማይ ላይ መገመት

አጠገቡ የሚነጻጸር ነገር ከሌለ ዓይን ይሳሳታል። በአብዛኞቹ አዳኝ አእዋፍ ዘንድ ደግሞ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ሴት ስፓሮውሆክ የወንዱን እጥፍ ያህል ልትመዝን ትችላለች። ከመጠን ይልቅ የአካሉን ምጣኔ ይያዙ፦ ጅራቱ ከክንፉ ስፋት ይረዝማል ወይስ ያጥራል? ቁራ ሊያባርረው ከመጣ ግን ዕድሉን ይጠቀሙበት፤ የታወቀ መጠን ያለው መለኪያ አገኙ ማለት ነው።

ጅራቱ ካልተሰነጠቀ ጭልፊት አይደለም ማለት

እዚህ ጭልፊት የምንለው ጅራቱ በመሐል የሚሰነጠቀውን ነው። ይህ ወፍ ጅራቱን ሲዘረጋ ስንጥቁ ይጠፋል፤ ላባ በሚቀይርበት ወቅትም ቅርጹ ይዛባል። አስተማማኙ ምልክት እንቅስቃሴው ነው፦ ጅራቱን ያለማቋረጥ ወደ ግራና ቀኝ እያዘነበለ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ሲንሳፈፍ ክንፉ ወደ ታች ይጎብጣል። አውጉር ባዛርድ ግን ክንፉን ከትከሻው በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። መንቁር ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል፤ ባለቢጫ መንቁሩ ጭልፊት ለጋ እያለ መንቁሩ ጥቁር ነው።

ለጋውን እንደ ሌላ ዝርያ መቁጠር

ባተለር ንስር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሲጎለምስ ጥቁር ላባው፣ ቀይ ፊቱና እጅግ አጭር ጅራቱ ከሩቅ ያስታውቁታል። ለጋው ግን ሙሉ በሙሉ ቡናማ ነው፣ ጅራቱም ከወላጆቹ ይረዝማል፣ መልኩ እስኪለወጥ ዓመታት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ከቡናማው እባብ በል ንስር ጋር ይምታታል። ዓይኑን ይዩ፦ የእባብ በሉ ደማቅ ቢጫ፣ የለጋው ባተለር ጠቆር ያለ ነው። ዕድሜን በአጠቃላይ ለመለየት የክንፉን የኋላ ጠርዝ መመልከት ይጠቅማል። በመጀመሪያ ዓመቱ ያለ ወፍ ላባው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለበቀለ ጠርዙ የተስተካከለ ነው፤ በጎለመሰው ላይ አዲስና ያረጀ ላባ ተቀላቅሎ ይታያል።

ባንድ ምልክት ብቻ መወሰን

ደረቱ ጠቆር፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ትልቅ ወፍ ሲታይ ብዙዎች ወዲያው ማርሻል ንስር ይላሉ። ደረተ ጥቁሩ እባብ በል ንስርም ልክ እንዲሁ ነው። ልዩነቱን ለማግኘት ሦስት ቦታ ይፈትሹ። የማርሻል ሆድ ነጠብጣብ አለው፣ የእባብ በሉ የለውም። ማርሻል ከሥር ሲታይ ክንፉ ጠቆር ያለ ነው፤ የእባብ በሉ ፈዛዛ ሆኖ የበረራ ላባዎቹ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉት። ተቀምጠው ሲገኙ ደግሞ የማርሻል እግር እስከ ጣቱ ድረስ በላባ ተሸፍኗል፣ የእባብ በሉ ግን ራቁት ነው።

ስቴፕ ንስርና ታውኒ ንስርን መለየት ከዚህ ይከብዳል። ወፉ ተቀምጦ ጎኑን ሲሰጥ ቢጫውን የአፍ ጥግ ይከተሉ፦ በስቴፕ ንስር እስከ ዓይኑ የኋላ ጫፍ ይዘልቃል፣ በታውኒ ከዓይኑ መሐል ገደማ ይቆማል። በበረራ ላይ ለጋው ስቴፕ ንስር ከክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ ሰረዝ አለው። ፊቱ ካልታየና ሰረዙም ከሌለ አይቸኩሉ።

ጥንብ አንሳዎችን በጅራት አለመለየት

የግብጽ ጥንብ አንሳ ለጋ ሳለ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ባለቆቡን ጥንብ አንሳ ይመስላል። የመጀመሪያው ጅራት መሐሉ ረዝሞ ወደ ጎን እያጠረ ይሄዳል፤ የባለቆቡ አጭርና ጫፉ የተስተካከለ ነው። ጀርባ ነጩንና የሩፔልን ጥንብ አንሳ በጎልማሶቹ መንቁር ይለዩ፦ የሩፔል ፈዛዛ ቢጫ፣ የሌላው ጥቁር ነው። የሁለቱም ለጋዎች መንቁር ጥቁር በመሆኑ ይህ ምልክት ለእነሱ አያገለግልም።

የአእዋፍ መለያ መጽሐፉን ቀድሞ መግለጥ

ሥዕሉን ካዩ በኋላ ዓይን ያላየውን ይጨምራል። ወፉ ከመሰወሩ በፊት የክንፉን ቅርጽ፣ የጅራቱን ርዝመት፣ ሲንሳፈፍ ክንፉን እንዴት እንደያዘ፣ የዓይኑንና የእግሩን ቀለም ይጻፉ። ፎቶ ካነሱም አንድ አያንሱ፤ ከሥር፣ ከጎንና ፊት ለፊት ሲመጣ የተነሳው እያንዳንዱ የተለየ ነገር ያሳያል። ማስረጃው ካልበቃ «ትልቅ ንስር፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለው ይመዝግቡ፤ ከተሳሳተ ስም ይህ መዝገብ የበለጠ ይጠቅማል።